ጮክ ብሎ ማንበብ

ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ምላሴም እንደ ድሮው ነው።

ዘንድሮ ተማሪዎቼ ድርሰታቸውን የሚያወጡት በክፍላችን ብሎግ ላይ ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ አስተያየት ይሰጥበታል። ዳይሬክተራችን «በዚህ ዕድሜዎ ከወጣቶቹ ቀደሙ!» ብሎ አሞገሰኝ። ምን ላድርግ፣ የልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ዘንድሮ ጉንዳን አክሏል። በኮምፒውተር ግን ፊደሉን እንደ ልቤ አተልቀዋለሁ። ሁሉም ድርሰቱን ጮክ ብሎ እንዲያነብም ደንብ አውጥቻለሁ፤ አፋቸውን ይፈታላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ሆንኩ። አንዷ ተማሪዬ ከክፍል በቀረችበት ቀን ስለ አያቷ ጽፋ ብሎጉ ላይ አውጥታ ነበር። ከላይ ከላይ አየሁትና «ጎበዝ፣ ደስ ይላል! አያትሽን ሰላም በይልኝ» የሚል አስተያየት ጻፍኩበት። ለካ የጻፈችው ስለ ቀብራቸው ኖሯል። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መጣችና «ቲቸር፣ አላነበቡትም?» አለችኝ።

«አንብቤዋለሁ!» ብዬ ጮህኩባት። ምን አባቴ ልበል?

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሲወጡ ትቀርና፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ የሁሉንም ድርሰት ቀስ ብላ ታነብልኛለች። አንቢልኝ አላልኳትም። ተይም አላልኳት።

የላክሽልኝ ፎቶ ደርሶኛል፤ እንዴት አምሮብሻል! ፀጉርሽን መቆረጥሽን ደግሞ ጎረቤቴ ነገረችኝ።

የዚህ ደብዳቤ ፊደል ለምን ገዘፈ ብለሽ እንዳትስቂብኝ፤ ወረቀት ስለተረፈኝ ነው።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ስትመጪ እንደ ልማድሽ ድምፅሽን አጥፍተሽ አትግቢ። በሩ ላይ ሆነሽ «እማዬ» በይኝ።

እናትሽ