ለችኩሌ የሚሆን የሞተር ዘይት

ውድ ችኩሌ፣

በዚህ ስም ከጠራሁሽ ቆየሁ። አሁን የሰው ሚስት ነሽና ቅር ካለሽ ይቅርታ፤ ሌላ ስም ልጻፍ ብል እጄ እሺ አላለኝም። የምጽፍልሽ ስለ መኪናሽ ዘይት ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ለልምምድ ስትወጪ ከውድድር ሜዳው አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። አስነሳሽውና ገና ሳይሞቅ እስከ ጥግ ረገጥሽው፤ ድሮም እንደዚያው ነሽ። ያኔ ከሞተሩ አናት ደረቅ ኳኳታ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። አንቺ የራስ ቁር አድርገሽ ስለነበር አልሰማሽውም፤ እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ።

መካኒክሽም ባልሽ ስለሆነ ሄጄ እሱኑ ጠየቅኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ እውነቱን ልናገር። የዘይቱን ጣሳ አምጥቶ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ የፋብሪካው መጽሐፍ ያዘዘውን ነው የሞላሁት። እንዲህ ላለ ፈጣን ሞተር ወፍራሙ ነው የሚሆነው» አለኝ።

«ጋሼ» ማለቱ ትንሽ አቃጠለኝ እንጂ ልክ ነው። ያ ዘይት ሲግል አይቀጥንም፣ ብረቱን ከብረት ይጠብቃል። ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ማር ነው፤ ካልሞቀ እሞተሩ አናት ለመድረስ ይዘገያል፣ አንቺ ደግሞ ያኔ ነው የምትረግጪው። መጽሐፉ አንቺን አያውቅሽም። «ሚስትህ እኮ አትታገሥም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ሚስትህን ከአንተ በላይ አውቃታለሁ ማለት ሆነብኝ።

እኔ የምሞላልሽ ሲቀዘቅዝ የሚቀጥነውን፣ ሲግልም የማይከዳውን ነበር። እሱን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ውዬ የመጣሁ ዕለት በር ላይ ቆመሽ፣ «ለአንድ ጣሳ ዘይት እንዲህ ስትጨነቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ደከመሽ ወይ› ብለኸኝ ታውቃለህ?» አልሽኝ። ዘይቱን የምመርጠው ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን ለአንቺ ጠባይ ጭምር እንደነበር መናገር አልሆነልኝም። እወድሽ ነበር። አሁንም ያው ነኝ።

ኳኳታው በየጠዋቱ ከቀጠለ ሞተሩን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። አንድ ቀን ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ነክሶ ቀጥ ቢል ጎማው ይቆለፋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ ከእሑዱ ውድድር በፊት ዘይቱ ይቀየር በይው። ከእኔ እንደሰማሽ አትንገሪው። ወይም ደግሞ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከፍ እስኪል ቁጭ ብለሽ መጠበቅ ለምደሽ፣ ቅዳሜ ብቻ አምልጦሽ ከሆነ፣ የእሱ ዘይት ይሆንሻል። ደብዳቤዬን ቅደጂው።

እሑድ ወደ አጥሩ አልመጣም። ብትረግጪው እፈራለሁ። ብትታገሺ ደግሞ፣ ለእኔ አንድም ቀን ያልታገሥሽውን ለእሱ ስትታገሺ ቆሜ መስማት አልችልም። ብቻ በሰላም ግቢ።

የድሮው መካኒክሽ