ፌርማታው ወደ ዳገቱ እንዳይወጣ

ጥር 12
ልብስ አጠብኩ። የማስጫው ገመድ ላልቶ አንሶላው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አጠበቅኩት። ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቴን ለእግሯ የእንቅስቃሴ ሕክምና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አንጎሏ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ግራ እግሯ አይታዘዛትም፣ ንግግሯም ይጎተታል። አውቶቡሱ በሩ ላይ ስለሚያወርደን ብዙ አልደከመችም። እኔ ግን ደከመኝ።

ጥር 15
በምክር ቤቱ አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፌርማታው ከጤና ጣቢያው በር ተነስቶ ዳገቱ አናት ላይ፣ አዲሱ የገበያ ሕንፃ ፊት ሊሆን ነው። "ነዋሪው ይወያይበት" ይላል። ያንን ዳገት እኔም እያረፍኩ ነው የምወጣው። እሷስ? ሕክምናው ቀረ ማለት ነው። እግሯም በዚያው…

ጥር 19
ስብሰባ። ቀድሜ ደርሼ በሩ እስኪከፈት ቆምኩ። ሌላው ሰው ሲመጣ እኔ ዝዬ ነበር። እህቴን "ምን ይሠራልሻል" ብዬ ቤት ትቻታለሁ።
ሊቀመንበሩ ብዙ ተናገረ። ዕድገት፣ የከተማ ገጽታ፣ የትራፊክ ፍሰት… ሲጨርስ አጨበጨብኩ። ተናጋሪ ሲጨርስ ይጨበጨባል፤ በዱላ ነው የተማርነው። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። አሁን ጥያቄ ይከተላል ብዬ ስጠብቅ፣ "አመሰግናለሁ፣ በጭብጨባ ጸድቋል" ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ!
እጄን አወጣሁ።
"እማማ፣ እርስዎም እኮ አጨብጭበዋል።"
ሳቁብኝ።

ጥር 20
"እትዬ… ለምን… አጨበጨብሽ?"
"ንግግር ሲያልቅ ይጨበጨባል።"
"ንግግሩ… ስለ እኔ እግር… ነበር።"


ጥር 24
ምክር ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላም አላየችኝ። "ያጸደቀው ሕዝቡ ነው። ይደገም ካላችሁ ፊርማ አምጡ።" በዚህ ጉልበቴ…

ጥር 28
ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። አንድም ሰው ወዶ አላጨበጨበም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ስላጨበጨበች፣ ጎረቤቷ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ስላጨበጨበች። ፀጉር አስተካካዩማ ጭራሽ አልሰማም።
"እማማ፣ እኔ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው ያጨበጨብኩት። ግማሽ ፀጉሩን የተላጨ ደንበኛ ሱቅ አስቀምጬ ነበር የመጣሁት!"
ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። "ፈርም። የሚነበብ አድርገህ።"
"እሺ፣ ኢንስፔክተር።"
ከኋላዬ እንዲህ ነው ለካ የሚሉኝ።

የካቲት 6
ስብሰባው ይደገማል ተባለ። ለሁሉም ነገርኳቸው፦ ምንም ቢል እጃችሁ ጉልበታችሁ ላይ ይሁን።

የካቲት 9
እህቴ እመጣለሁ አለች። ትደክሚያለሽ ብላት፣ "እግሩ የኔ… ስብሰባው… ያንቺ?" አለችኝ። ወሰድኳት።
ሊቀመንበሩ ንግግሩን ጨረሰ። ጸጥ። ዙሪያውን አየ። ውሃ ጠጣ። "አመሰግናለሁ" አለ፣ ደገመው። አንድ እጅ አልተነሳም። እንዴት ኮራሁ… ሞኝ! "መልካም" አለ፣ "ዝም ካላችሁ እንግዲህ ተስማምታችኋል ማለት ነው።"
ብድግ አልኩ። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። "ክቡር ሊቀመንበር፣ በመጀመሪያ ደረጃ…"
"እማማ፣ ባጭሩ።"
ጠፋብኝ። ሁሉም ነገር ድርግም አለብኝ። ያን ጊዜ እህቴ በምርኩዟ ወለሉን መታች። ልናገርላት አፌን ስከፍት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።
"ነገ… ና። ከጤና ጣቢያው… እስከ ገበያው… አብረን እንውጣ። ከደረስኩ… እስማማለሁ።"
"ና" አለችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አንቱታው ምላሷ ላይ ከብዷት ይሆን? አይመስለኝም።
ፀጉር አስተካካዩ "ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ" አለ። ልብስ ሰፊዋም "እኔም" አለች። ከዚያ ወዲያ ሰውየው እንዴት እምቢ ይበል?

የካቲት 10
ወጣን… ጀመርን ልበል። ፋርማሲው ጋ ስንደርስ እግሯ መንቀጥቀጥ ያዘ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩም አጠገቧ ዘፍ አለ፤ ወፍራም ሰው ነው፣ ኮሌታው በላብ ርሷል።
"ብዙ ቀረን?"
"ገና… ግማሽም… አልሆነም።"
ሽቅብ አየ። ወደ እግሯ አየ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅነው። "በቃ፣ ባለበት ይቆይ" አለ። ሁላችንም ሰማን። የሳቀ አልነበረም።

የካቲት 21
ተወሰነ። የጤና ጣቢያው ፌርማታ አይነሳም፤ ለገበያው ሌላ ይጨመራል። እንግዲህ የነዋሪዎች ተወካይ ምረጡ ተባልን። ወደ እኔ እንደሚዞሩ እርግጠኛ ነበርኩ። እምቢ የምልበትን ቃል ሳይቀር አሰናድቼ ነው የሄድኩት፦ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ… እህቴን መረጡ። እኔም እጄን አወጣሁ። ትንሽ ዘግይቼ።

መጋቢት 4
እህቴ ስብሰባ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ደግፋ ወሰደቻት። ልከተል ጫማዬን ሳደርግ፣ "ተይ… አንቺ… ታርሚኛለሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው።
ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ይህን ያህል ደክሞኝ ኖሯል?
ሊመሽ ሲል መጣች። ሻይ ቀዳሁላት። የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። አንድ ቃል ፍለጋ ብዙ ቆየች፤ ቃሉን እኔ አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ። ራሷ አገኘችው።