ፎርሙ ላይ ያልሰፈረው

ከጽጽቃ በላይ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ፣

በሰው አገር እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እኔ ጉልበቴ ቁልቁለት እምቢ ከማለቱ በቀር ተመስገን፣ አለሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ግን እቤት ውስጥ በቋንቋችን በኽምጣንጋ የሚያናግረኝ የለም። ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎች ሰው አጽፌ ነው የላክሁት። ይኸኛውን ሌላ ጆሮ እንዲሰማው አልፈለግሁም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ የለቀምሁት ካራተኛ ክፍል ደብተርሽ ነው።

በቀደም ከዩኒቨርሲቲ ነን ያሉ ሰዎች ፎርም ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ማን ተማረ፣ ማን አቋረጠ፣ ማን ተሰደደ እያሉ ይቆጥራሉ። እኔን የጠየቀችኝ ጥሩሐረግ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ ናት። በቤትዎ የሚነገረው ቋንቋ ምንድነው አለችኝ። አማርኛ አልኋት። ልጅዎ ትምህርቷን ለምን አቋረጠች አለችኝ። በራሷ ፈቃድ አልኋት። ጻፈችው።

ስትነሳ ጎረቤታችን አያ እንግዳው፣ ለመሆኑ ምን አገኛችሁ አላት። ኽምጣንጋ ከሚነገርበት ቤት የወጡት ልጆች አብዛኞቹ አምስተኛ ሳይደርሱ ይተዋሉ፣ ከዚያ መንገዳቸው ዐረብ አገር ነው አለችው። ወደኔ ዞራ፣ "ሰንፈው አይደለም አባባ፤ በማያውቁት ቋንቋ ስለሚጠየቁ ነው" አለችኝ።

ያ ያራተኛ ክፍል መምህርሽ ትዝ አለኝ። በሰው ፊት፣ ልጅህ ድንጋይ ናት፣ አፏን አትከፍትም ሲለኝ ያፈርሁት በሱ አልነበረም። ከክፍሉ የኋላ ወንበር ጎትቼ አስነስቼ ወደ ቤት ወሰድሁሽ። ደብተሬን ልያዝ ብለሽ በኽምጣንጋ ለመንሽኝ። ባማርኛ ካልሆነ አልሰማም አልሁሽ። ደብተሩን እናትሽ ናት ኋላ ሄዳ ያመጣችው።

ጠያቂዎቹ በመጡ በማግስቱ ፎርሙን ላሳርም ብዬ ጽጽቃ ከተማ ወረድሁ። መኪናቸው ሊነሳ ነበር። ልጅቱ ፎርሜን ፈልጋ አወጣች፤ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ምኑ ይታረም አባባ አለችኝ። የሰፈራችን ሰዎች እነካሤ ቆመው ያዩኛል። መንገዳችሁን ላሳምር ነው የመጣሁ ብዬ መርቄ ተመለስሁ። ያችን ታህል ዳገት ስወጣ ጉልበቴን ረግሜ አላባራሁም፤ ጥፋቱ ግን የጉልበቴ አልነበረም።

ይህን የምታደርስልሽ ወዳለሽበት አገር የምትመጣው የካሤ ልጅ ናት። እሷም አምስተኛ አልደረሰችም። ከቻልሽ አይዞሽ በያት።

የእናትሽ አምላክ በባዕድ ደጅ ሞገስ ይሁንሽ። ጎንሽን አያሳምመው። ልጅ ብትወልጂ በእናትሽ ቋንቋ አናግሪው፤ ማንም አይከልክልሽ።

መታረም የነበረበት ይኸ ነው።
የቤት ቋንቋ፦ ኽምጣንጋ።
ያቋረጥሽበት ምክንያት፦

አባትሽ