ሱሪህ ከጫማህ ውጭ ይሁን

ለተራራው ጀግና፣

ጫማህን ስትፈልግ ቤቱን እንዳታምሰው። ትናንት የደበቅኩት እኔ ነኝ። ክፍሌ ክፍት ነው፤ ስፌት መኪናዬ ሥር ታገኘዋለህ። "አትሂድ" ስልህ "እናቴ ነሽ እንዴ?" አልከኝ። እናትህ ብሆንማ በኩርኩም ነበር የምመልስልህ!

ሐኪሙ "ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ረጥቦ እንዳይውል" ሲልህ አብሬህ ነበርኩ። አንተ ግን ባለፈው የእግር ጉዞ ሱሪህን ቦት ጫማህ ውስጥ ጎስጉሰህ ወጣህ። ዝናቡም ሱሪህን ተከትሎ ጫማህ ውስጥ ገባ። የጣራ አሸንዳ እንኳ እንዳንተ አሳምሮ ውሃ አያወርድም! ተረከዝህ ውሃ ቋጥሮ ተመለስክ፤ ያቺን ቁስል ስናስታምም ከረምን።

አሁን ስማኝ፣ ወንድምዓለም።

ሱሪህን ከጫማው በላይ አውርደው። ጫማውን ጥብቅ አድርጎ እንዲይዝ ጫፉ ላይ ላስቲክ አስገብቼበታለሁ። የጥጡን ካልሲ ተወውና የሱፉን አድርግ። ትርፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳህ ውስጥ ከትቻለሁ። ፌስታሉ የካልሲው ነው። እግርህ ላይ አጥልቀኸው ደግሞ በገዛ ላብህ እንዳትዘፈቅ። ባረፋችሁ ቁጥር እግርህን አድርቀህ ካልሲ ቀይር። ጓደኞችህ ቢስቁ ይሳቁ፤ እነሱ አያስታምሙህም።

ጫማውን መደበቄ ግን...
ይሁን፣ ተወው።

ስፌት ቤት ረፍዶብኛል። ማታ "ደህና ነኝ" ብለህ በሬን አልፈህ እንዳትገባ። ካልሲህን አውልቀህ እግርህን አሳየኝ።

እግርህ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ቢቆስልም አይናገርም።