የቲቶ እናት ዳጣ

ልጄ ቲቶ፣ በሰው አገር በምትሄድበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልህ። ደርባን ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁና ሹራብህን አትርሳ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟ ወልዳለች፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ስድስት ዓመት አብራኝ ዳጣ የፈጨችውን እታፈራሁን ታውቃታለህ። ለአክስትህ ለቅሶ ተበላ ከተማ ሄጄ ስመለስ፣ አከራዩን አግባብታ ሱቄን በስሟ ተከራይታው ጠበቀችኝ። «የቲቶ እናት ዳጣ» የሚለውን ታፔላ እንኳ አላወረደችም። በአንተ ስም ትሸጣለች!

እኔም ከፊት ለፊቷ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ማንም ዝር አላለም። ቃሪያውን ከነዝንጅብሉ ስፈጭ አለቅሳለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ቃሪያው ነው እላለሁ። እሷ ወፍጮ ቤት ታስፈጫለች፣ እኔ እንደ ድሮው በድንጋይ። ትናንት ታዲያ ሁለት ሥጋ ቤቶች እሷን ትተው ወደ እኔ ተሻገሩ። በሯ ላይ ቆማ ስታይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘመርኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሽማግሌው ጋሽ ሀብተየስ እንደ ደንባችን የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሳይገባ ሊያስታርቁን ይመላለሳሉ። እኔም ጉልበቴን አሞኛል፣ መውጣት አልቻልኩም እያልኩ እመልሳቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለጊፋታ እመጣለሁ ያልከውን ትንሽ ግፋው። ናፍቀኸኛል፤ ግን አንተን ያየሁ ቀን አንጀቴ ይርስና ይቅር እላታለሁ። መጀመሪያ ስምህን በገዛ እጇ ስታወርደው ልይ።

ጌታ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። የእሷንም፣ ታፔላውን እስክታወርድ ድረስ።

እናትህ