ስለ መርዶ የተናገርኩበት ቅዳሜ

ለምወድሽ ልጄ ለዕድላዊት፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ሳሊሃስ ደህና ናት? አብራሽ የምታድረው እሷ ስለሆነች ለሁለታችሁም አንድ ላይ ነው የምጸልየው። እኛ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁንና በጤና አለን። ሐዘኑ ግን ገና ከቤታችን አልወጣም። ወንድምሽ ካረፈ ወዲህ ስሙን መጥራት አቅቶኛል። አንቺም በስልክ አትጠሪውም፤ ሌላ ሌላውን አውርተን እንዘጋለን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ ነው። የመዋዕለ ሕፃናታችን ረዳቶች ሁሉ እንድንማር ስለታዘዝን እዚሁ ሰበታ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጅ እንደምገባ ነግሬሻለሁ። መምህራችን እያንዳንዳችን ከመጽሐፍ አጣቅሰን ክፍሉ ፊት ንግግር እንድናደርግ አዘዘን። እኔ ርእስ እንኳ ጠፍቶኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ።

ጥቁሬን ለብሼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስደርስ፣ ዘበኛው ኦቦ ጎበና ባርኔጣቸውን አውልቀው ተከተሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴ፣ የማንን ልጅ ፈልገው ነው? ልጁን ከመጥራታችን በፊት ጓደኞቹን እንሰብስብ» አሉኝ። መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ነው። ተማሪ ነኝ፣ መጽሐፍ ፈልጌ ነው ስላቸው፣ «ታዲያ ሰው እንዲህ ያስደነግጣሉ? መጽሐፍማ ሞልቷል፣ ይግቡ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሳሊሃ ጓደኞችሽን ሰብስባ እንድትነግርሽ ስንማከር፣ የወንድምሽ ፎቶ በፌስቡክ ቀድሞን ሥራ ቦታ ብቻሽን ሆነሽ አየሽው። ርእሴን እዚያው በሩ ላይ አገኘሁ።

መጽሐፍ የምትሰጠው አሲያ የምትባል ልጅ ናት። ስለ መርዶ የተጻፈ አለሽ ወይ ስላት መደርደሪያው መሀል ገባች። ሁለት ይዛልኝ መጣች፤ አንዱ በሰው ፊት ስለ መናገር፣ ሌላው ስለ ለቅሶና ስለ እድር ወግ ነው። ለቤት ስለማይሰጡ መታወቂያዬን አስይዤ እዚያው በእጄ ገለበጥኩ። አጻጻፌ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እኔ ቀረሁ። አሲያ ግን «አይቸኩሉ፣ እኔም ቤት የሚጠብቀኝ የለ» አለችኝ። መጽሐፉ ሽማግሌዎች ማልደው እንደሚሄዱ፣ ጎረቤት አስቀድሞ እንደሚነገረው ደህና አድርጎ ጽፏል። ስለ ስልክ ግን አንድም ቃል የለውም። ያንን ከራሴ ጨመርኩበት።

ትላንት ተናገርኩ። ያንቺን ነገር ስምሽን ሳልጠራ ነገርኳቸው። ለቅሶ ቤቱ ሩቅ አገር ልጅ እንዳለው ሳትጠይቁ የሟች ፎቶ አትለጥፉ አልኳቸው። ስጨርስ ከኋላ አንዱ፣ «ማዘር፣ ሟቹ ማን ነበር?» አለኝ። ጎኑ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸመችው። እኔ ግን «ልጄ ነው። ማቲ ይባላል» አልኩ፤ ድምፄም አልተሰበረም። ኳስ ይወድ እንደነበር፣ ሲሸነፍ እራት አልበላም ብሎ ያስቸግረኝ እንደነበር ሁሉ ነገርኳቸው። መምህሩ ጥሩ ውጤት ሰጠኝ። እኔን ያኮራኝ ግን ስሙን በአፌ መጥራቴ ነው።

አባትሽ ግንባርሽን ይስምሻል። አብራኝ የምትማረው ማርቲ ንግግሬን በስልኳ ቀድታዋለች፣ ስትልክልሽ ብቻሽን አትስሚው፤ ሳሊሃ አጠገብሽ ትሁን። እሷንም ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ሙሉዬ ነገ ጾም ስለሚገባ ልትቀበል እኛ ዘንድ ናት፣ ሰላም በይልኝ ትላለች።

ስትደውዪ ስለ ማቲ አውሪኝ። ከእኔ ደብቃችሁ ያጠፋችሁትንም ሳይቀር ንገሪኝ፣ አልቆጣም።

እናትሽ የሺሃረግ
ሰበታ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.