የመጀመሪያዋ ጣሳ

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን ሦስተኛው አዝመራ ገባ። የሌላ አገር ሰው ቢሰማኝ ሦስት ዓመት ይመስለዋል፤ አንተ ግን ባሌ በዓመት ሁለቴ እንደሚታጨድ ስለምታውቅ ገና ዓመት ከመንፈቅ መሆኑ አይጠፋህም። ለእኔ አንዳንዴ ትናንት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ድምፅህን ለማስታወስ ሥራዬን አቁሜ ማሰብ ያስፈልገኛል።

ቤታችን ደህና ነው። እማዬ ከጎባ በኩል የሚመጣው ብርድ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ልብሶችህን አጥባ ለሰው ሰጠች፤ ያቺን ዱቄት የጠገበች ቆብህን ግን ከምስማሯ አላወረደቻትም። አንድ ቀን ላራግፋት ብዬ ባነሳት ጮኸችብኝ። የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ቀይረነዋል፣ አያፈስም። ወፍጮውን የምሠራው እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ደግሞ ድንጋይ ትወቅራለች ብለው የሳቁ ነበሩ፤ አሁን የሚስቁት ወረፋ ይዘው እየጠበቁኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። በአንተ ጊዜ ሰው ጆንያውን አስቀምጦ ገበያ ይወጣል፤ ሲመለስ ዱቄቱን ተሸክሞ መሄድ ብቻ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ሁሉም ከዱቄቱ ቆንጠር እያደረገ በጣቱ ማሸት፣ ምላሱ ላይ ማድረግ ጀመረ። እኔ ስወለድ እማዬን ገንፎ ያበሏት ጎረቤታችን አዴ ሞሚና እንኳ ሳይቆነጥሩ አይወስዱም። የአባቴ ወፍጮ ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ ምን ጎደለ እያልኩ እበሳጭ ነበር።

የጎደለውንስ አውቀው ነበር። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት እጅህን ማብሪያው ላይ አድርገህ፣ «ጌታዬ፣ አብረን እንዋል» ትል ነበር። ክርስቶስ እሁድ እሁድ ብቻ የሚጠየቅ ዘመድ አይደለም፣ ወፍጮ ቤት አብሮኝ ይውላል፣ አብሮኝ ዱቄት ይለብሳል ትለን ነበር። ልጅ ሆኜ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አሳይተኸኝ፣ «ይሄ ከወለቀ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢወቀር አይዞርም፤ እኔም ከእሱ ከተለየሁ እንዲሁ ነኝ» ያልከኝን አልረሳሁም። ግን አባዬ፣ ያ እምነት የአንተ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ቆብህ ምስማር ላይ የቀረ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እዘምራለሁ። ሰኞ ግን ማብሪያውን ዝም ብዬ እጫን ነበር።

ባለፈው ሰሞን ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን የሚሄዱት ተጓዦች ስንቃቸውን ሲያሰናዱ ወፍጮ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ መብራት ጠፋ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ድንጋዩን ወቀርኩ። ሥርዓትህን ታውቀዋለህ፤ ድንጋይ በተወቀረ ቁጥር መጀመሪያ ከራሳችን ስንዴ አንድ ጣሳ ይፈጫል፣ የድንጋዩን ብናኝ ጠርጎ ይወጣል፣ ይደፋል። እማዬ እህል ደፋህ ብላ ስትቆጣህ፣ «የሰው ጥርስ ከሚሰበር የእኛ ስንዴ ይደፋ» ትላት ነበር። እኔም ጣሳዋን ሞልቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። መብራቱ ሲመጣ ግን ሰልፈኛው በአንድ አፍ ጮኸ፤ ሰማዩም ጠቁሯል። አዴ ሞሚና በማግስቱ ተሳፋሪ ስለነበሩ የበሶ ገብሳቸውን አስቀድሜ ጨመርኩላቸው። ዝናቡ ሲያካፋ፣ የዚያን ቀን ብቻ ሳይቆነጥሩ፣ የጆንያውን አፍ አስረው በጋሪ ሄዱ።

አመሻሹ ላይ ልዘጋ ስል ጣሳዋን አየኋት። ሙሉ ናት።

ከአዴ ሞሚና ገብስ ድንጋዩ ሥር ተጣብቃ የቀረችውን ዱቄት ቆንጥሬ ቀመስኩ፤ ጥርሴ ሥር ተንቀጫቀጨች። ሌላው ሰው የወሰደው ከእሳቸው በኋላ የተፈጨ ስለሆነ ደህና ነበር፤ የድንጋዩን ብናኝ ሁሉ ይዘው የሄዱት አዴ ሞሚና ናቸው። ማንም አላየም። በሶ ውስጥ አሸዋ ሲገኝ ደግሞ የሚታማው አውድማ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት ወዲያው መጣልኝ፤ ለክፉ ነገር ተረት አይጠፋም። ብናገር ደግሞ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ያቆምከው ስም በእኔ እጅ ሊወድቅ ነው። እንኳን ይህን ሰምቶ፣ ሳይሰማም የሚቆነጥር ሰው ነው ያለኝ።

ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ ብዬ ጀመርኩ። አልገፋ አለኝ። እዚያው አጠገቤ ያለ መሰለኝ፤ ይቅርታ ለምኜው ብቻ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ብሄድ የሚለቀኝ አልመስል አለኝ። ያኔ ያንተ ጸሎት ከአፌ ወጣ፤ «ጌታዬ፣ እንግዲያው አብረን እንሂድ» አልኩ። እውነቴን ነው አባዬ፣ ብቻዬን እንዳልሄድኩ አውቃለሁ።

አዴ ሞሚና ለመግሪብ ሶላት ሊነሡ ሲሉ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ምን አስለፈለፈሽ? የአውድማ ነው ብዬ እበላው ነበር እኮ» አሉኝ። እኔም ጌታዬ ስለሚያውቀው ነው አልኳቸው። በጠዋት ሌላ በሶ ላደርስላቸው ቃል ገባሁ። ነገሩን የሰሙ ሁለት ሴቶች ከበር ቆመው ነበር፤ በማግስቱ ሮቤ ሁሉ እንደሚሰማው አወቅሁ።

እማዬ አልተቆጣችም። ከራሳችን ገብስ ሰፍራ አብራኝ ቆላች። ገና ሲነጋጋ ጣሳዋን ፈጭቼ ደፋሁ፣ በሶውን ፈጨሁ፤ መብራቱም አላሳፈረኝም። ሮጬ አውቶቡሱ ጋ ስደርስ አዴ ሞሚና ተሳፍረዋል። በመስኮት አቀበልኳቸው፤ ይፈቱታል፣ ይቆነጥራሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ጆንያውን ሳይፈቱ እግራቸው ሥር አደረጉና፣ «ረቢ አባትሽን ይማር» ብለውኝ ሄዱ።

አባዬ፣ የዚያን ቀን የኮራሁትን ያህል በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም። በአንተ ነው የኮራሁት። እሺ፣ በራሴም ትንሽ። ከሁሉ በላይ ግን በአንተ ውስጥ ይኖር የነበረው እኔም ውስጥ እንደሚኖር በማወቄ። አንዳንዱ ሰው አሁንም ይቆነጥራል፤ ይቆንጥር፣ አልናደድም።

አሁን ማብሪያውን ዝም ብዬ አልጫንም። ድንጋይ በወቀርኩ ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያዋን ጣሳ በስምህ እደፋታለሁ። እማዬ ትናንት እህል ደፋሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ቆብህን አየናት።

ልጅህ ሌንሴ፣
ከወፍጮ ቤትህ፣ ሮቤ